ዝም ያለ ሁሉ የለመደ አይደለም

በቀቀን አዲስ ቤት ሲገባ መካሪ አያጣም። ሻጩ ይመክራል፣ ጎረቤት ይመክራል፣ በስልክ የሚዞረው ቪዲዮ ይመክራል። መካሪው ብዙ ቢሆንም ምክሩ አንድ ነው። «በመጀመሪያው ቀን ካልያዝከው ኋላ አይያዝልህም።» «ቢነክስህም እጅህን አትሰብስብ፤ መፍራትህን ካወቀ ናቀህ ማለት ነው።» «ከራስህ ከፍ ብሎ እንዳይቆም፤ አለቃ የሆነ ይመስለዋል።» «በፎጣ ጠቅልለህ ያዘው፤ ሲደክመው ይለምድሃል።» ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ወፉ ትከሻ ላይ ፀጥ ብሎ እንደተቀመጠ ፎቶግራፍ ይነሣና ለዘመድ ወዳጅ ይላካል። ሁሉም «ለመደ!» ብሎ ይደሰታል።

እኔ በዚህ ደስታ አልስማማም። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ወፍ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የጠፋው ወፍ ነው። አዲስ የመጣ በቀቀን ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው እጅ ላይ መውጣትን ወይም ስም መጥራትን ሳይሆን፣ እምቢ ሲል የሚሰማው ሰው መኖሩን ነው። ይህን ያልተማረ ወፍ የቀረውን ሁሉ ቢማር እንኳ በፍርሃት የተማረው ነውና አይጸናም።

ምክሩ ከክፋት እንዳልመጣ አውቃለሁ። እኛ ከእንስሳ ጋር የኖርን ሕዝብ ነን። ወይፈን ከበሰለ በሬ ጋር ተጠምዶ፣ እየተጎተተም ቢሆን ቀንበር ይለምዳል። በቅሎ በልጓም ትገራለች። ይህ ዕውቀት በቦታው ትክክል ነው። ነገር ግን በሬ፣ ውሻና ዶሮ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ከሰው ጋር ለመኖር የተመረጡ እንስሳት ናቸው። አርቢው በየትውልዱ ቁጡውን እያስወገደ ገራሙን ለዘር ሲያስቀር ኖሯል። የዛሬው ወይፈን ገና ቀንበር ሳይነካው የሥራው ግማሽ በቅድመ አያቶቹ ላይ ተሠርቶ አልቋል። በበቀቀን ላይ ይህ ሥራ አልተሠራም። በአገራችንም በቀቀንን የምናውቀው በዱርነቱ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው ግንባረ ቢጫው በቀቀን በወንዶ ገነት ዛፎች ላይ ሲንጫጫ ይሰማል፣ ክንፉ ጥቁር የሆነው ትንሹ በቀቀንም አዲስ አበባ ዙሪያ ድረስ ይታያል። በቤት የማሳደግ የቆየ ልማድ ብዙም ስለሌለን ወፉ ደጃችን ሲደርስ የበሬውን ትምህርት አንሥተን እንጭንበታለን።

በየአገሩ ሳሎን የገባውን፣ በንግግሩም ስሙ የገነነውን ግራጫውን የአፍሪካ በቀቀን እንውሰድ። የባሕረ ሰላጤው ዐረቦች «ካስኮ» የሚሉት ነው። የትውልድ ስፍራው ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በኮንጎ አልፎ እስከ ኡጋንዳና ምዕራብ ኬንያ የሚደርሰው ደን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1982 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብቻ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ከዱር የተያዙ ግራጫ በቀቀኖች ለዓለም ገበያ ቀርበዋል፤ ተይዘው ገበያ ሳይደርሱ የሞቱት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። በጋና የተካሄደ ጥናት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የወፉ ቁጥር ከ90 እስከ 99 በመቶ ማሽቆልቆሉን አሳይቷል። በመጨረሻ በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ የተሰበሰቡት፣ ሳይተስ የተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት አገሮች ወፉን በስምምነቱ አንደኛ ዝርዝር ውስጥ አስገቡት፤ ከዱር እየያዙ ለንግድ ወደ ውጭ መላክ ተከለከለ። እንግዲህ ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ከአርቢ የተገዛው ግራጫ በቀቀን እንኳ ብዙ ጊዜ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ከዱር የተያዘ የደን ወፍ ነው። እሱ በሰው ቤት ቢፈለፈልም ተፈጥሮው የደን ነው።

የደን ተፈጥሮ ማለት ደግሞ የሚታደን ፍጡር ተፈጥሮ ማለት ነው። ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ዙሪያውን እንዲቃኝባቸው ነው። ከላይ የሚወርድ ጥላ ለእሱ አሞራ ነው። ዐይኑን አፍጥጦ፣ ቀጥ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ የሚመጣበት ግዙፍ ነገር ምን ሊፈልግ እንደሚችል ለማወቅ መምህር አያሻውም። በመንጋ ለመኖር የተፈጠረ ወፍ ብቻውን በማያውቀው ክፍል፣ በማያውቀው ድምፅ መካከል ሲገባ «ማን ይወደኛል?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ከየት በኩል ይመጡብኛል?» ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ለእንግዳ የምናውቀውን አቀባበል እናደርግለታለን። ከመንገድ የደከመ እንግዳ ገና ቁጭ ሳይል ቤተ ዘመድ ተረባርቦ ሲስመው፣ «በሞቴ» እያለ ሲያጎርሰው፣ ልጆች ጉልበቱ ላይ ሲወጡበት ቢጨነቅም ፈገግ ይላል፤ ፍቅር መሆኑን ያውቃላ። በቀቀኑ ይህን አያውቅም። እሱ የሚያየው የተከበበ መሆኑን ነው።

የሚያስቆጨው ወፉ ዝም አለማለቱ ነው። ገና እጅ ሳይደርስበት ላባውን ከሰውነቱ ጋር አጣብቆ ይቀጥናል። ወደ ኋላ ያዘነብላል። ግራጫው በቀቀን ያጉረመርማል፤ ከዚያች ትንሽ ደረት ይወጣል ተብሎ የማይጠበቅ፣ የውሻ ዓይነት ማጉረምረም ነው። ይህ ካልተሰማለት ምንቃሩን ይከፍታል፣ ከዚያም ይነክሳል። እዚህ ላይ መካሪው «እጅህን አትሰብስብ» ይላል። ንክሻውም ካልተሰማ የመጨረሻው ይመጣል፤ ወፉ ይደርቃል። ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል፣ የነኩትን ያህል ይነካል። ፎቶግራፉ የሚነሣው በዚህ ሰዓት ነው።

የተረጋጋ ወፍ መልኩ ሌላ ነው። ላባውን አላልቶ ሰውነቱን ያራግፋል። አንድ እግሩን ሰብስቦ በሌላው ይቆማል። ሲመሽ ምንቃሩን በቀስታ እያፋጨ ያንቀላፋል። ሰው ባለበት ክፍል አንገቱን አዙሮ የጀርባውን ላባ ያበጥራል፤ የሚታደን ፍጡር ዐይኑን ከዙሪያው የሚያነሣው የሚያሰጋው ነገር የለም ሲል ነውና። ይህች አንዲት ማበጠር ከአንድ አልበም ሙሉ የትከሻ ፎቶግራፍ ትበልጣለች፤ ግን ለዘመድ የሚላክ ነገር ስለማይወጣት ማንም አይቆጥራትም።

በዚህ ላይ ሳይንስ የሚጨምረው አለ። በ1967 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ ተመራማሪዎች ሊያመልጡት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ሥር ያቆዩአቸው ውሾች፣ በኋላ ማምለጫ ሲከፈትላቸው እንኳ ብዙዎቹ ባሉበት ተኝተው ንዝረቱን ሲቀበሉ አዩ። እንስሳቱ አቅመ ቢስ መሆንን ተምረዋል ተባለ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ በ2016 ሁለቱ ሰዎች እስከዚያ የተከማቸውን የአንጎል ጥናት መርምረው የራሳቸውን ትርጓሜ ገለበጡት። መከራ ሲረዝም እጅ መስጠት ሳይማሩት የሚመጣ ነገር ነው፤ መማር የሚጠይቀው «የማደርገው ነገር የሚደርስብኝን ይለውጣል» የሚለው ዕውቀት ነው አሉ። ምርምሩ በበቀቀን ላይ የተሠራ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን በፎጣ ተጠቅልሎ እስኪደክመው የተያዘውን ወፍ በሚገባ ይገልጸዋል። እጅ መስጠቱ ያለ አስተማሪ ይመጣል። ሊማረው የሚገባውን፣ ማለትም የእሱ ምልክት ዋጋ እንዳለው፣ ያስተማረው የለም።

«ግን እኮ ይሠራል፤ ስንቱ ወፍ በዚህ መንገድ ለምዷል» የሚል መልስ ይመጣል። ይሠራል የሚለው ሰው መቼ አይቶ እንደፈረደ መጠየቅ አለበት። አዲስ ቤት የገባ በቀቀን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝም ብሎ ያጠናል። ቤቱን አውቆ ጉልበቱ ሲመለስ ነው እውነተኛ ጠባዩ የሚወጣው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ሁልጊዜ ጨክኖ አይኖርም፤ አንድ ቀን ንክሻው ያመውና እጁን ይሰበስባል። ያን ጊዜ ወፉ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያውቃል። ማዘንበል አይሰማም፣ ማጉረምረም አይሰማም፣ ደም ያፈሰሰ ንክሻ ብቻ ይሰማል። በቀቀን ጎበዝ ተማሪ ስለሆነ ጥቅም የሌላቸውን ማስጠንቀቂያዎች ትቶ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይሄዳል። ባለቤቱም «ያለ ምክንያት ተለወጠብኝ፣ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል» ብሎ ያማርራል። ማስጠንቀቁን ያስተወው እሱ ራሱ ነው። ሌላው ወፍ ደግሞ በራሱ ላይ ይዞራል። ግራጫ በቀቀኖችና ካካቱ የተባሉት ዘመዶቻቸው ላባቸውን በመንቀል ይታወቃሉ፤ የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሕመምም የምግብ ጉድለትም መሰልቸትም አለበት፤ መውጫ ያጣ ጭንቀትም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

የዚያ ምክር ሁለተኛው ምሰሶ የአለቃነቱ ወግ ነው። ከሰው ራስ በላይ የቆመ በቀቀን ይነግሣል፤ ስለዚህ በየቀኑ ደጋግሞ «ውጣ፣ ውጣ» እያሉ ከእጅ ወደ እጅ በማመላለስ ቦታውን ማሳወቅ ያሻል ይባላል። ይህ አስተሳሰብ በፈረንጆቹ የወፍ አሳዳጊዎች መጻሕፍት ዘንድ አንድ ሰሞን ገንኖ ነበር፤ የእንስሳት ጠባይ አጥኚዎች ግን ትተውታል። በቀቀን በዱር ሥልጣንን በቅርንጫፍ ከፍታ እንደሚያከፋፍል የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ከፍ ያለ ቦታ የሚመርጠው ከላይ ሆኖ ስለሚታየውና ከታች የሚመጣ ነገር ስለማይደርስበት ነው። ከመጋረጃው ዘንግ ላይ አልወርድም ያለ ወፍ ዙፋን አልያዘም፤ እታች ያለው እጅ አላማረውም። መድኃኒቱ መጋረጃውን ማውለቅ ሳይሆን እጁን መልካም ማድረግ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፤ «ካልነካነው ዱር ሆኖ ይቀራል፤ ቢታመምስ ማን ይዞት ሐኪም ዘንድ ይሄዳል?» ከፊሉ እውነት ነው። ወፍ ሲደማ፣ እሳት ሲነሣ፣ መስኮት ሲከፈት ፈቃድ አይጠየቅም፤ ፎጣም የዚያን ጊዜ መሣሪያ ነው። አዲስ የመጣ ወፍ በሐኪም መታየትም አለበት፤ ፕሲታኮሲስ የተባለው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ከበቀቀን የሚመጣ ነውና። ቤት ውስጥ ሌላ ወፍ ካለም ለብቻ መቆየት ይኖርበታል። እኔ የምቃወመው የአደጋው ቀን መሣሪያ የዘወትር ማስተማሪያ መሆኑን ነው። እንዲያውም በዘወትሩ ቀን በእርጋታ የተያዘ ወፍ የአደጋውን ቀን ፎጣ ይቅር ለማለት ይፈጥናል። በሌላ ጫፍ ደግሞ ወፉን «እስኪለምድ» ብሎ ጓዳ ውስጥ ብቻውን መዝጋትም ያው ጭካኔ ነው። መንጋ ያጣን ፍጡር ብቻውን መተው ትዕግሥት አይባልም። የሚፈለገው አጠገቡ መኖርና ከእሱ ምንም አለመፈለግ ነው፤ ማንበብ፣ መብላት፣ ልብስ ማጠፍ፣ በለሆሳስ ማውራት።

«እኔ የገዛሁት ከጫጩትነቱ በእጅ የተመገበ ስለሆነ ይህ አይመለከተኝም» የሚልም አለ። በእጅ ያደገ ጫጩት ሰውን ያውቃል፤ ይህን ሰው፣ ይህን ቤት ግን አያውቅም። በዚህ እምነት ሰበብ ጡት እንዳልጣለ ልጅ ያሉ፣ ገና ራሳቸውን መመገብ ያልጀመሩ ጫጩቶች ልምድ ለሌለው ገዢ መሸጣቸው ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ጫጩቱ የሚመገበው ገንፎ ከልክ በላይ ከሞቀ ጉሮሮው ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ያቃጥላል፤ አገባቡ ከተሳሳተ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይገድላል። ጫጩት መመገብ የአርቢና የሐኪም ሥራ እንጂ የፍቅር መግዣ አይደለም።

እንግዲህ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ለሚለው መልሱ ብዙ ልፋት የለውም፤ ራስን መግታት ይጠይቃል። ወፉ ሲመጣ ከተቻለ የኖረበትን የሽቦ ቤት፣ የበላበትን ዕቃ፣ የለመደውን መኖ ይዞ ይምጣ። የተሻለ ምግብ አለን ብሎ በመጀመሪያው ቀን መቀየር ደግነት አይደለም፤ በአዲስ ቤት የማያውቀውን ምግብ ያየ በቀቀን ጭራሽ ሊጾም ይችላል። የሽቦ ቤቱ ሰው በሚኖርበት ክፍል ይሁን፣ ግን መሀል ላይ አይሁን፤ አንድ ጎኑ ግድግዳ ይደገፍ፣ ከፊሉም በጨርቅ ይጋረድ፣ ሲፈራ የሚገባበት ይኑረው። መሬት ላይ አይቀመጥ። ከምድር ወገብ አጠገብ ያለ ደን ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥን የሚጮህበት ሳሎን ውስጥ የሚያድር በቀቀን የቁጡነቱ ምክንያት ሌላ ቦታ አይፈለግ።

አቀራረቡ ደግሞ እንዲህ ነው። ሰውየው ይመጣል፣ ወፉ የሚወድዳትን አንዲት የሱፍ ፍሬ ዕቃው ውስጥ ይጥላል፣ ይሄዳል። ሲቀርብ ወፉ ወደ ኋላ ካዘነበለ እዚያው ይቆማል፤ አንድ እርምጃ ይመለሳል። የክርክሬ ልብ ያለው እዚህ ነው። «ሲያዘነብል ከሸሸህለት አበላሸኸው፣ ባለጌ አደረግኸው» ይላሉ። ተገላቢጦሹ ነው። ትንሿ ምልክት ግዙፉን ሰው ካስመለሰች ወፉ ወደ ትልቁ ምልክት፣ ወደ ንክሻ፣ ለመሄድ ምክንያት የለውም። ሰውየው እንደሚሄድለት ያወቀ ወፍ የሰውየውን መምጣት መፍራት ያቆማል፤ መምጣቱ ሱፍ ሆኗልና። ቀስ እያለ ማዘንበሉ ይቀራል፣ በኋላም ራሱ ወደ ሽቦው ይጠጋል። ያኔ በትንሽ እንጨት ጫፍ ይጀመራል፤ እንጨቷን በምንቃሩ ሲነካ ፍሬ ያገኛል፣ እንጨቷን ተከትሎ ወደ ፈለጉት ይሄዳል፣ ሚዛን ላይም ይወጣል። እጅ የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ቀርቦ ይጠብቃል፣ ካልወጣ ይመለሳል። የአሜሪካዋ የጠባይ ሳይንስ መምህር ሱዛን ፍሪድማንና በእሷ መንገድ የሠለጠኑ ብዙዎች ለዓመታት ያስተማሩት ይህንኑ ነው፤ እንስሳው ራሱ መርጦ እንዲያደርገው ማድረግ።

ሚዛን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። የሚታደን ፍጡር ሕመሙን ይደብቃል፤ መታመሙ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ መሽቷል። አዋቂ ግራጫ በቀቀን በአብዛኛው ከ400 እስከ 500 ግራም ይመዝናል፤ የኩሽና ሚዛን ላይ በየጠዋቱ ከመብላቱ በፊት ከወጣ መክሳቱ ከዐይን በፊት በቁጥር ይታያል። ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ያጣ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ያልበላ ወፍ «ይለምዳል» ተብሎ አይጠበቅም፤ ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ለመያዝ ስንቸኩል የምናጠፋው ጊዜ ይህን ለማየት መዋል ነበረበት።

የሚያስገርመው፣ ወፉን ለመግዛት የምንደክመውን ያህል ቤቱን ለወፉ ለማስተካከል አንደክምም። የወፍ ሳንባ እንደ እኛ አይደለም፤ አየሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያልፍበታል፣ በሰውነቱ የተዘረጉ የአየር ከረጢቶችም ያግዙታል፤ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ከእኛ ይበልጥ ኦክስጅን ይወስዳል፣ መርዙንም እንዲሁ። የእንግሊዝ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1986 ድረስ ካናሪ ይዘው ጉድጓድ የሚገቡት ለዚህ ነበር። ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ በሌላ ክፍል ያለን በቀቀን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። በእኛ ቤት የሚቆላው ቡናና የሚጤሰው ዕጣን፣ በባሕረ ሰላጤው ቤት የሚጤሰው ዑድ ለዚህ ሳንባ ከባድ ነው። ቡናው ይቅር አላልኩም፤ ወፉ በሌላ ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ይቆይ ነው ያልኩት። አቮካዶ ለእኛ ጁስ ነው፣ ለበቀቀን መርዝ ነው፤ ቡናና ቸኮሌትም አይሰጡም። ቃሪያ ግን ይስጡት፤ ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም፣ ከሱፍ ብቻ የማይገኘው ቫይታሚን ኤም አለበት። እንዲህ ያለውን ነገር ማወቅ ከምንመካበት «ደፋር እጅ» ይልቅ ወፉን በሕይወት ያቆየዋል።

ስለ ንግግሩም ያው ችኮላ አለ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ይላል?» ብሎ ነው፤ ስለዚህ ወፉ ገና ውኃውን የት እንደሚጠጣ ሳያውቅ የተቀዳ ድምፅ ሌት ተቀን ይለቀቅበታል። ተመራማሪዋ አይሪን ፔፐርበርግ በ1977 ከቺካጎ የወፍ መሸጫ የገዛችው አሌክስ የተባለው ግራጫ በቀቀን በ2007 እስኪሞት ድረስ ከመቶ በላይ ቃላት ተምሮ፣ ቀለምና ቅርጽ ለይቶ፣ እስከ ስድስት ቆጥሮ ዓለምን አስደንቋል። የተማረው ግን በካሴት አልነበረም። ሁለት ሰዎች ከፊቱ ቆመው አንዱ ዕቃ እያሳየ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ በትክክል የመለሰ ዕቃውን ራሱን ይቀበላል፤ አሌክስ እያየ ተራውን ይጠብቃል። ፔፐርበርግ በሌሎች ግራጫ በቀቀኖች ላይ እንዳሳየችው ከሰው ተለይቶ በድምፅና በቪዲዮ ብቻ የቀረበ ቃል ትርጉም ይዞ አልገባም። ታላቁ ወፍ አሌክስ ሥራው ሲሰለቸው ወደ ቤቱ መመለስ እንደሚፈልግ በአፉ ይናገር ነበር። በዓለም ስመ ጥር የሆነው በቀቀን ራሱ እምቢ የሚልበት ቃል ነበረው።

ትዕግሥት እንደሚያሸንፍ ማስረጃ ለሚፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ካስኮ በሚያድግባቸው የኩዌት፣ የዱባይና የሪያድ ቤቶች ወፉን የምትመግበው፣ ሥሩን የምትጠርገው ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ከእነዚህም መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያት አሉ። ወፉ ልቡ ወደ እሷ ቢያደላ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። እሷ በሰዓቷ መጥታ ምግቡን አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ለእንግዳ አታሳየውም፣ «ተናገር» አትለውም፣ አትጨምቀውም። ሥራ ስለሚበዛባት ብቻ እንኳ ትክክለኛውን ታደርጋለች። በዋጋው የሚኮራው ጌታ ቅር ከመሰኘት ይልቅ እሷ የምታደርገውን ቢያይ ይሻለዋል፤ ያውም ከመሄዷ በፊት። ኮንትራቷ አልቆ ወደ አገሯ ስትመለስ ወፉ የሚያጣው መጋቢውን ብቻ ሳይሆን የመንጋውን ግማሽ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያከብደው የወፉ ዕድሜ ነው። በሚገባ የተያዘ ግራጫ በቀቀን 40፣ አንዳንዴም 60 ዓመት ይኖራል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ እጅ ወደ አንድ ቤት የሚመጣ ወፍ ብዙ ነው፤ ጌታው ሞቶበት፣ አገር ቀይሮበት፣ ወይም «ክፉ ነው፣ ይነክሳል» ተብሎ። ይህ የመጨረሻው ሰበብ ነው የሚያናድደኝ። በመጀመሪያው ሳምንት የተጣደፈው ሰው ንክሻን ያስተምርና በዓመቱ በንክሻው ሰበብ ይሰጠዋል፤ ተቀባዩም በዚያው ምክር ከመጀመሪያው ይጀምራል። እያንዳንዱ ዝውውር የሚቀጥለውን ያከብደዋል። ምክሩ ወፍ ያለምዳል የሚሉን ሰዎች ወፉ በሦስተኛው ቤቱ ምን እንደመሰለ ቢያዩ ምክራቸውን እንደ ዕዳ በቆጠሩት ነበር።

ስለዚህ ሻጭም፣ ወፉን ከእጁ የሚያወጣ ባለቤትም ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ተቀባዩን አንድ ነገር ይጠይቀው፤ «ይህ ወፍ ዓመት ሙሉ እጅህ ላይ ባይወጣ፣ አንዲት ቃል ባይናገር፣ ያው ምግቡን፣ እንቅልፉንና ንጹሕ አየሩን ትሰጠዋለህ?» እሰጠዋለሁ የሚል ሰው ወፉን ይውሰድ፤ ዓመት መጠበቅ የቻለ ዓመት የሚጠብቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። ማመንታት ከጀመረ ግን አይሽጥለት። የሚፈልገው በቀቀን ሳይሆን ታዛዥ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዘሩ ከደን የመጣውን ፍጡር ማሰቃየት አያስፈልግም።